የመኪና መስተዋት ስለ ምን ጉም ይለብሳል?

በደጋው አገራችን ክረምት ሲገባ የመንገደኛው ሐሳብ ሁሉ በዝናቡና በጭቃው ላይ ይሆናል። ወንዙ ሞልቶ ይሆን? መንገዱ ተንዶ ይሆን? ጎማው ይይዝ ይሆን? እያለ ይጨነቃል። ጭንቀቱም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከውጭ የሚመጣውን አደጋ ስንጠባበቅ፥ ከራሳችን አፍና አፍንጫ ወጥቶ የነጂውን ዓይን የሚጋርድ ሌላ አደጋ በመኪናው ውስጥ እንዳለ ብዙዎቻችን አናስተውልም። ይኸውም በመስተዋቱ ላይ በውስጥ በኩል የሚያርፈው ጉም ነው። በዚህ ወር ስለዚህ ነገር ለቤተ ሰቡ ሁሉ የሚጠቅም ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደናል።

እኛም ቀደም ሲል ነገሩን እንደ ቀላል እንመለከተው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ከአላማጣ ተነሥተን በኮረም በኩል ወደ ሰቆጣ ስንጓዝ ያየነው ግን አሳባችንን ለወጠው።

መንገዱን ለማያውቁ አንባብያን እንዲህ ነው። አላማጣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ በግራ ካሕሱ ተራራ እየተጠማዘዙ ሲወጡ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከኮረም ይደረሳል። አየሩ በየአንድ ሺሁ ሜትር 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፥ ከታች በሸሚዝ የተነሣው ሰው ከላይ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ከኮረም ወደ ምዕራብ ሲታለፍ ደግሞ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆጣ ትገኛለች፤ እርሷም ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ናት።

በዚያ ቀን የተሳፈርንበት አባዱላ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ በዝናብ ሲሮጥ መጥቶ የገባ ስለ ሆነ ልብሱ ርሷል፤ ጃንጥላው ከእግሩ ሥር ውሃ ያንጠባጥባል። መስኮቱም ሁሉ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ኮረምን እንዳለፍን የፊቱ መስተዋት እንደ ወተት ነጣ። የውጭው መጥረጊያ ያለ ዕረፍት ይመላለሳል፤ ነገር ግን የሚጠርገው የዝናቡን ውሃ እንጂ የእኛን ጉም አልነበረም። ነጂው ዘወር ብሎ፥

«አባቴ፥ እባክዎ ያቺን መስኮት ጥቂት ገርበብ ያድርጉልኝ፤ መንገዱ አልታይህ አለኝ» አለ።

በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ፥ «በዚህ ብርድ፥ ልጄ? ነፋሱ ጎኔን ወግቶ ይጥለኛል» ብለው መለሱ። ከኋላ የተቀመጠች ሕፃን ያቀፈች እናትም፥ «ወንድሜ፥ ልጄን ጉንፋን ይዞታል፤ እባክህ እንደ ተዘጋ ይሁን» አለች። ሌሎቹም እርሷን ደገፉ። ነጂው ምንም ሳይመልስ መስተዋቱን በመዳፉ ጠረገው። የጠረገው ቦታ ለጥቂት ጊዜ ብርሃን ሰጠና እንደ ገና ደበዘዘ። እንደ ገናም ጠረገው።

አንዲት ጠመዝማዛ እንደ ዞርን የተጫኑ አህዮች በመንገዱ መካከል ተሰልፈው ሲሄዱ፥ ከኋላቸውም ኬሻ የተከናነበ ልጅ ሲከተላቸው በድንገት ታዩን። ነጂው ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው በጭቃው ላይ ተንሸራትቶ፥ ከልጁ አንድ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ልጁ ዱላውን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። በቸርነቱ ማንም አልተጎዳም። በመኪናው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሚናገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ እኒያው ሽማግሌ እጃቸውን ሰድደው መስኮቱን ራሳቸው ከፈቱትና፥ «ልጄ፥ ዓይንህን የጋረድነው እኛ ነን» አሉ። ጋቢያቸውንም እስከ ራሳቸው ተከናነቡ። ሴትዮዋ ከነልጅዋ ወደ መካከለኛው ወንበር ተዛወረች፤ በወዲያኛው በኩልም አንድ መስኮት ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ መስተዋቱ ጠራ፤ እስከ ሰቆጣም ድረስ እንደ ጠራ ቆየ።

እንግዲህ ይህ ጉም ከወዴት ይመጣል? ብዙ ሰው ከዝናቡ የሚመጣ ይመስለዋል። ይህ አሳብ የቆየ ነው። በቀድሞው ዘመን በአውሮፓም ጤዛ ከሰማይ እንደ ዝናብ የሚወርድ ይመስላቸው ነበር። በለንደን ይኖር የነበረው ሐኪም ዊልያም ቻርልስ ዌልስ ግን ስለ ጤዛ በመረመረውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጤዛ በሌሊት የቀዘቀዘ ነገር በአጠገቡ ካለው አየር ውስጥ የሚያወጣው ውሃ መሆኑን አስረዳ። የመኪናው መስተዋት ጉምም ይኸው ጤዛ ነው።

እናቶች ይህን ከማንም አስቀድመው ያውቁታል። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው ከውስጥ ያልበዋል፤ የድስቱም ክዳን ሲነሣ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው ከሙቀቱ የተነሣ በዓይን ወደማይታይ ተን ይለወጣል፤ ተኑ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ደግሞ ወደ ውሃነቱ ይመለሳል። መነጽር የሚያደርግ ሰውም ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ መነጽሩ ይታፈናል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በአገራችን በገባ ጊዜ፥ አፍና አፍንጫውን በጭምብል የሸፈነ ባለ መነጽር ሁሉ የገዛ ትንፋሹ ወደ ላይ እያመለጠ ዓይኑን ሲጋርድበት አይቷል።

አየር የሚሸከመው የውሃ ተን ልክ አለው። ልኩም በሙቀት ይጨምራል፥ በብርድ ይቀንሳል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ30 ዲግሪ ሙቀት 30 ግራም ያህል ተን ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ 17 ግራም፥ በ10 ዲግሪ ደግሞ ከ9 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ የሞቀውና በተን የተሞላው አየር ዝናብና ነፋስ ያቀዘቀዘውን መስተዋት ሲነካ፥ ሊሸከመው ያልቻለውን ትርፍ እዚያው ላይ ያራግፈዋል።

ተኑ ምን ያህል ነው? አንድ ሰው ያለ ሥራ ተቀምጦ ሳለ እንኳ በትንፋሹና በገላው በኩል በሰዓት 40 ግራም ገደማ ውሃ ያወጣል። ነጂውንና ረዳቱን ጨምረን 14 ሰው በመኪናው አለ ብንል፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ውሃ ወደ አየሩ ይገባል። የመኪናው ውስጥ ሰባት ሜትር ኩብ ቢሆን፥ በ20 ዲግሪ ሙቀት ያ አየር ሁሉ ሊሸከም የሚችለው 120 ግራም ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ መስኮቱ ተዘግቶ የውጭ አየር ካልገባ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይጠግባል ማለት ነው። በዝናብ የራሰ አንድ ጋቢ ብቻውን ከሊትር የሚበልጥ ውሃ ሊሸከም እንደሚችል ስናስብ ደግሞ መስተዋቱ ቶሎ መጋረዱ አያስደንቅም።

እዚህ ላይ ግን አስተዋይ አንባቢ ይጠይቀናል። «ውጭው ዝናብ ነው፤ አየሩም ርጥብ ነው። መስኮት መክፈት ርጥበት መጨመር አይሆንምን?» ይለናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም ከላይ በተጻፈው ቁጥር ውስጥ አለ። የውጭው አየር 10 ዲግሪ ከሆነ፥ ፈጽሞ ቢጠግብ እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ የሚይዘው ከ9 ግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው። ያ አየር ወደ ውስጥ ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ 17 ግራም ሊሸከም የሚችል ይሆናል። ስለዚህ ግማሽ ሆዱ ባዶ ሆኖ ገብቶ የእኛን ተን ይዞ ይወጣል። በዝናብ ቀን የሚገባው የደጋ አየር ለእጃችን ርጥብ ቢመስልም፥ በተዘጋ መኪና ውስጥ ካለው የሰው ትንፋሽ ይልቅ እጅግ ደረቅ ነው። በሐምሌው ጉዞ ዝናቡ ሳያቆም መስተዋቱ የጠራው በዚህ ምክንያት ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ መከላከያው እንለፍ።

አንደኛ፤ መስተዋቱን ከጉዞ በፊት ከውስጥ በኩል ማጽዳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መኪናውን ከውጭ አሳምሮ ያጥብና የውስጡን መስተዋት ይረሳዋል። በመስተዋቱ ላይ የእጅ ቅባት፥ አቧራና ጢስ ሲኖር ጤዛው በደቃቃ ነጠብጣብ ይያዝበታል፤ ብርሃኑም ይበተናል። በሳሙና ውሃ አጥቦ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አድርቆ መወልወል ይገባል። ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በደረቅ ጨርቅ ቀብቶ መስተዋቱ እስኪጠራ ድረስ ማሸት ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ውሃው ነጠብጣብ መሥራቱን ትቶ እንደ ስስ ገበታ ይዘረጋልና። ነገር ግን የሳሙና መስመር እንዳይቀር መጠንቀቅ ያሻል፤ በሌሊት ከፊት ለፊት የሚመጣ መብራት ሲያርፍበት ያንጸባርቃል።

ሁለተኛ፤ ርጥብ ነገር ከሰው ጋር አይጫን። ጃንጥላው ከደጅ ይራገፍ፤ የራሰው ጋቢና ካፖርት በላስቲክ ተጠቅልሎ ከዕቃ ጋር ይቀመጥ። የወለሉ ምንጣፍም በየማታው ወጥቶ ይድረቅ። የበሩ ጎማ ተሰንጥቆ ውሃ የሚያስገባ ከሆነ መኪናው ቆሞ ሲያድር እንኳ ጧት መስተዋቱ ታፍኖ ይገኛል። ጉሙ ቅባት ያለው ሆኖ ጣፋጭ ሽታ የሚሸት ከሆነ ግን፥ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከማሞቂያው ወደ ውስጥ እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ለመካኒክ ማሳየት ይገባል።

ሦስተኛ፤ መኪናው ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ካለው አሠራሩን ማወቅ ነው። አየሩ ወደ ፊት መስተዋት እንዲነፍስ ማድረግ፥ ከውጭም አየር እንዲያስገባ ማዘዝ ይገባል። የመኪና ሥዕልና ወደ ውስጥ የሚዞር ቀስት ያለበት ቁልፍ ያንኑ የውስጥ አየር መልሶ መላልሶ የሚያዞር ስለ ሆነ በዝናብ ጊዜ መዘጋት አለበት። በአቧራ ጊዜ ከፍቶት የረሳው ነጂ ብዙ ነው። ከዚህም ጋር ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን በአንድነት መክፈት ከሁሉ ይበልጣል። ይህ የማይስማማ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣው አየሩን በቀዝቃዛ ቧንቧዎች ላይ አሳልፎ ውሃውን ያወጣዋል፤ ከቆመ መኪና ሥር ጠብ ጠብ ሲል የምናየው እርሱ ነው። ማሞቂያው ደግሞ የደረቀውን አየር አሙቆ ወደ መስተዋቱ ይልከዋል። እንዲያውም የአየር ማቀዝቀዣ መጀመሪያ የተፈለገው ለብርድ ሳይሆን ርጥበትን ለመቈጣጠር ነበር። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 መሣሪያውን ያቀደው፥ በብሩክሊን በአንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በርጥበት እያበጠ ኅትመቱን ስላበላሸ ነው።

አራተኛ፤ በመንገዶቻችን ላይ የሚሄዱት ብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ይህ መሣሪያ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም አይሠራም። ለእነዚህ መድኃኒቱ መስኮት ነው። አንዱን መስኮት ብዙ ከመክፈት ይልቅ ሁለቱን፥ አንዱን ከፊት ሌላውን በተቃራኒው በኩል ከኋላ፥ የጣት ስፋት ያህል መክፈት ይሻላል። አየሩ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ተሳፋሪውም ብዙ አይበርደውም።

አምስተኛ፤ መስተዋቱን በመዳፍ አለመጥረግ ነው። መዳፍ ቅባት ትቶ ለሚቀጥለው ጉም ቦታ ያዘጋጃል፤ ነጂውም አንድ እጁን ከመሪው ላይ ያነሣል። ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ በጋቢና ይቀመጥ፤ የሚጠርገውም ረዳቱ ወይም ከነጂው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ይሁን። ይህ ሁሉ ተደርጎ መንገዱ የማይታይ ከሆነ ከመንገዱ ወጣ ብሎ በደኅና ቦታ መቆም እንጂ በግምት መንዳት አይገባም።

አንዳንድ ጊዜ ጉሙ በውጭ በኩል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ከሰቆጣ ወርዶ በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ ማቀዝቀዣ ከፍቶ የሚሄድ ሰው፥ በሞቃትና ርጥብ ሌሊት መስተዋቱ በውስጥ ቀዝቅዞ በውጭ ጤዛ ሊይዝበት ይችላል። በጣት ከውስጥ ነክቶ መፈተን ነው። መስመሩ ካልታየ ጉሙ የውጭ ነው፤ ማቀዝቀዣውን መቀነስና የውጭውን መጥረጊያ ማሠራት ይበቃል። ሜሪ አንደርሰን የተባለችው አሜሪካዊት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 የፈጠራ መብት ያገኘችበት የመስተዋት መጥረጊያ የሚያገለግለው ለዚህና ለዝናቡ ነው።

ጨው በከረጢት አድርጎ በመኪናው ውስጥ ስለ ማኖር የሚጠይቁን አሉ። ለዋግ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰቆጣ በቀድሞ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ የሚሸጥባት የታወቀች ገበያ ነበረች፤ ጨው በክረምት እንደሚያልብም ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። በእርግጥም የአየሩ ርጥበት ከመቶ 75 እጅ ሲያልፍ ጨው ውሃ መሳብ ይጀምራል። ስለዚህ ቆሞ በሚያድር መኪና ውስጥ ጥቂት ይረዳ ይሆናል። ነገር ግን በሰዓት ግማሽ ሊትር የሚያወጡ ሰዎችን ትንፋሽ ሊቋቋም አይችልም፤ ቀልጦ ቢፈስስም ብረቱን ያዝገዋል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ሲሊካ ጄል የሚባሉት ትንንሽ ከረጢቶች ከጨው ይሻላሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ለቆመ መኪና እንጂ ሰው ለሞላበት አይበቁም።

እንግዲህ የቀረው ትልቁ ነገር ነፋስን መፍራታችን ነው። በዚህ ላይ የምንጽፈው አባቶችንና እናቶችን ለመንቀፍ አይደለም። የደጋ ብርድ ምሬቱ እውነት ነው፤ ደካማ ሰውም ሊጠበቅ ይገባዋል። ዳሩ ግን ጉንፋንና ሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚያልፉ ሕመሞች ናቸው፤ የሚበረቱትም ብዙ ሰው በተፋፈገበትና አየር በማይለወጥበት ቦታ ነው። የጤና ባለሙያዎች በተሽከርካሪ ውስጥ መስኮት ይከፈት እያሉ የሚያስተምሩት ስለዚህ ነው። በዚያች መኪና ውስጥ ያች እናት ለልጅዋ ስትል መስኮቱን ማስዘጋቷ ከፍቅር የመጣ ነበር። ነገር ግን ሌላ ታማሚ በመካከላችን ኖሮ ቢሆን ሕፃኑን የሚጎዳው የዚያ ሰው ትንፋሽ ነበር፤ የነጂው ዓይን በመጋረዱ ደግሞ ሕፃኑም እኛም ሁላችን ከገደል አፋፍ ላይ ነበርን።

ስለዚህ ነገሩ ከመነሣት በፊት ይነገር። ነጂው ወይም ረዳቱ፥ «ወገኖቼ፥ ዛሬ ዝናብ ነው፤ ሁለት መስኮት በጥቂቱ ይከፈታል፤ ብርድ የማይችል ወደ መካከል ይቀመጥ» ብሎ አስቀድሞ ቢያስታውቅ በመንገድ ላይ ክርክር አይነሣም። ሽማግሌ፥ አራስና ሕፃን ከመስኮት ርቀው ይቀመጡ፤ በመስኮት በኩል ጐልማሳው ይቀመጥ። በየራሳችን መኪና ከቤተ ሰባችን ጋር ስንጓዝም እንዲሁ እናድርግ።

ልጆቻችን ደግሞ ይህን በቤታቸው ይማሩት። ዛሬ ማታ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በገበታው ላይ አኑሩና ልጁ እፍ ይበልበት። ጤዛው በብርጭቆው ውጭ ሲይዝ ውሃው ከየት እንደ መጣ ጠይቁት። ከብርጭቆው ውስጥ አለመሆኑን አስረዱት፤ የራሱ ትንፋሽ መሆኑን ራሱ ይድረስበት። ይህን ያወቀ ልጅ በሌላ ቀን በክረምት መንገድ ሲሳፈር፥ ነጂው «ልጄ፥ መስኮቱን ገርበብ አድርግልኝ» ባለው ጊዜ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይከፍትለታል፤ ለአያቱም ያስረዳቸዋል።